አባቴ ቡአውን የደበቀ ጊዜ

አባቴ ቡአ ወጥቶበት ነበር። ዛሬ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስጽፈው ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ይህችን አንዲት ቃል ከአፉ ላለማውጣት ሲል የሄደበትን መንገድ ያየ ሰው የአገር ምስጢር የያዘ ነበር የሚመስለው። አሁን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ፈቃዱን የሰጠኝም በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ ነው፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። አንደኛዋ ምስክር እናቴ ናት፤ ከፊርማዋ ሥር «እየሳቅኩ ፈረምኩ» ብላ ጨምራበታለች።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው አቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ነው። ከመካኒክነቱ ይልቅ ግን የሚኮራው የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ በነበረባቸው ዓመታት ነው። ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ነገር ለእሱ እንዳልተባለ ይቆጠራል። እናቴ «ነገ ወፍጮ ቤት ትሄድልኛለህ» ስትለው «በየትኛው ስብሰባ ተወሰነ?» የሚል ሰው ነው። ደግሞም ቀልደኛ ነው፤ ጦሱ የመጣውም ከዚያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ፎርማን ቡአ ወጥቶበት ተንፈራጥጦ ሲሄድ አይቶ «ባለ ጓዙ» የሚል ስም ያወጣለት አባቴ ነበር። ስሙ ሰውየው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጡረታ ሲወጣ በተደረገለት ሽኝት ላይ እንኳ አንዱ ተናጋሪ አምልጦት «የተከበሩ አቶ ባለ ጓዙ» ብሎ ጀመረ ይባላል። እንግዲህ ያ ጓዝ ዞሮ ዞሮ አባቴ ላይ ሲያርፍ ለማን ይንገር? ቤት ውስጥ ያለነው ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ነን። ፋብሪካውን የሚያውቁ ጓደኞቹ ደግሞ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለጎረቤታችን። ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሐጂ ራሳቸው የቡአ ኦፕራሲዮን ከዓመታት በፊት አድርገው ነበርና ሐኪም ቤት እንዲሄድ መከሩት፤ ለማንም እንዳይናገሩም ቃል አስገባቸው።

እኛ ያየነው ምልክቱን ብቻ ነው። አባቴ ጀሪካን ማንሳት አቆመ። ግራ እጁን ከሱሪ ኪሱ አያወጣም። ሊያስነጥሰው ሲል የሚቀመጥበት ወንበር በዓይኑ ይፈልጋል። እናቴ «እርጅና ነው» አለች፤ እኔም አመንኳት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት «ጡረታ ቢሮ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። እኔ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ጠባብ ክፍሌ ተቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ፤ ሥራዬ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ መጻፍ ነው። ገና አንዱን ክስ ሳልጨርስ ታላቅ እህቴ ደወለች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ወደ ሥራዋ እየሄደች ነበር።

«አባዬ የት ነው?» አለችኝ።

«ጡረታ ቢሮ።»

«ጡረታ ቢሮ አልጋ ያስተኛል እንዴ? አሁን በዓይኔ በብረቱ ከሆስፒታል በር ሲወጣ አየሁት! ወረቀት አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ሲከት አየሁት!»

እህቴ ከምታውቀው ነገር ይልቅ የማታውቀውን ነገር አጥብቃ የምታምን ሴት ናት። ካልሲው ነገሩን ጨረሰው። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ መጣችና ሁለታችን ሆስፒታሉ ሄድን። ካርድ ክፍል «የታካሚ መረጃ አንሰጥም» ሲሏት ስልኳ ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ ከፍታ በየበሩ «ይህን ሰውዬ ያከመው ማነው?» እያለች መዞር ጀመረች። የጠፋ ሰው አፋላጊ ነበር የምትመስለው። ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ስንደርስ አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ሐኪም ፎቶውን አየች። አየችውና ፊቷ ምንም አላለም፤ ግን ትንሽ አብዝቶ ምንም አላለም።

«እናንተ ማናችሁ?» አለችን።

«ልጆቹ ነን! እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ!»

«እህቴ፣ እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ ብዬም አላውቃቸውም ብዬም መናገር አልችልም። የማንንም ታካሚ ምስጢር ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው መናገር የሙያ ግዴታዬ አይፈቅድልኝም።»

«ሌላ ሰው? እኔ ሌላ ሰው ነኝ? አፍንጫዬን እይው፣ የእሱ አፍንጫ አይደለም?»

ዶክተሯ አፍንጫውን አየች፤ ስለ አፍንጫውም አስተያየት አልሰጠችም። እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተጠጋቻት።

«እሺ አትናገሪ። በራስሽ ብቻ ምልክት ስጪኝ። በሽታው በ‘ካ’ ይጀምራል?»

ዶክተሯ ራሷን እንደ ሐውልት አድርቃ ቆመች። አሁን ሳስበው ምስኪኗ ብትነቀንቅ ጥፋት፣ ብትወዘውዝ ጥፋት፣ ማድረግ የምትችለው አንገቷን መያዝ ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ደግነቷ አሸነፋትና «ቤት ሄዳችሁ እሳቸውን ጠይቋቸው። ደግሞ አትጨነቁ» አለች።

እኛ አገር «አትጨነቁ» የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ደረጃው ላይ ስንደርስ እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

«ቀላል ቢሆን ኖሮ ትነግረን ነበር» አለች። «ቶንሲል ቢሆን ትደብቂያለሽ? ጨጓራ ቢሆን ትደብቂያለሽ? ያ ክፉው በሽታ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ሕግ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሐኪም ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት ከእሷ ይልቅ አውቃለሁ። ግን ያን ሰዓት እውቀቴ የት እንደገባ እንጃ፣ አብሬያት አለቀስኩ። የጥበቃው ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ በሩን ከፈተልን።

ማታ አባቴ ሐጂ ሱቅ ሄዶ ሳለ ለእናቴ ነገርናት። እንደ ፈራሁት አልጮኸችም። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች።

«እሱ እንዳይሰማ። ከሰማ በሽታው ሳይሆን ወሬው ነው የሚገድለው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እንደልቡ ይሁን።»

አባቴ እንደልቡ ሆነ። ቁርስ እንቁላል፣ ምሳ ቅቅል፤ ፆም ባልሆነ በአንድ ተራ ረቡዕ፣ ይቅርታ፣ በአንድ ተራ ሐሙስ ዶሮ ወጥ ተሠራለት። ብሩ፣ ጨዋታው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሁሉ በእጁ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን እናቴ በሚናገረው ሁሉ መስማማቷ ነበር። ዐርባ ዓመት ሙሉ በክርክር የኖረ ትዳር ነው። አንድ ቀን ሆን ብሎ ሊፈትናት «የአንቺ ወንድም ገብጋባ ነው» አላት።

«እውነትህን ነው» አለችው። «እናታችንም ትለው ነበር።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ነጣ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ በማግስቱ ቀጠሮው ሳይደርስ ሆስፒታል ሄዶ ዶክተሯን በር ላይ ጠበቃት።

«ዶክተር፣ ስለ እኔ ቤተሰቦቼ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ምን አለ?»

«ምንም የለም አባባ። ያለብዎትን ነግሬዎታለሁ፤ ቡአ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ለምን ዶሮ ተሠራልኝ?»

 «ምናልባት ይወዱዎት ይሆናል» አለችው። «ዐርባ ዓመት ያልታየ!» አለና ጭራሽ ተጠራጥሮ ወጣ። ለቤተሰቡ እንዲነግር አጥብቃ መክራው ነበር፤ «በአጀንዳ እይዘዋለሁ» ብሏት ሄደ።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ቀን ደግሞ እናቴ እኔን አስከትላ እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያችው ዶክተር ፊት ቆመች። ነጠላዋን አደግድጋ ነበር የቀረበቻት።

«ልጄ፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። አንቺ ምንም እንዳትነግሪኝ፤ አልጠይቅሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ለእሱ እንዳትነግሪው።»

«እናቴ፣ ስለ የትኛውም ታካሚ አልናገርም» አለች ዶክተሯ። ያን ቀን ድምጿ ላይ ድካም ነበረበት። «በጥቅሉ ግን ልንገርዎ። ማንኛውም ታካሚ ሕመሙን የማወቅ መብት አለው። እኔ ከታካሚዬ ደብቄ ቢላ አላነሳም። ለሁሉም ያለባቸውን እነግራቸዋለሁ።»

እናቴ ደነገጠች። «ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ነግረሽው ቆሞ ሄደ?»

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። «የነገርኳቸው ሁሉ» አለች ቃል እየመረጠች፣ «ቆመው ነው የሚሄዱት።»

እኔ እናቴን ደግፌ ልወጣ ስል እሷ ግን ቀና ብላ ነበር የምትራመደው። ሚኒባስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ያውቃል» አለችኝ። «ያውቃል፣ ግን እኛ እንዳናዝን ብሎ ደብቆን ነው። እኔ እኮ እንደዚህ ዓይነት ወንድ ማግባቴን አላውቅም ነበር።» ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በመስኮት እያየች ፈገግ ስትል ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ሰሞን ባሏን የምታይበት ዓይን ተለወጠ። ሲቀመጥ ታየዋለች፣ ሲነሳ ታየዋለች፤ እሱ ደግሞ ባየችው ቁጥር ግራ እጁን ይበልጥ ኪሱ ውስጥ ይቀብራል።

አንድ ጊዜ ሐጂን በራችን ላይ ይዛ አፋጠጠቻቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ ያውቃሉ። እንደሚያውቁ አውቃለሁ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ፈጠን ፈጠን አደረጉ። «አደራ በልቼ አላውቅም፤ አታስበይኝ። ግን ወላሂ፣ ሰው የሚሞትበት ነገር አይደለም።»

«እርስዎም ሊያጽናኑኝ ነው» አለችና እጃቸውን ሳመች። ሐጂ ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ ብቻቸውን እያወሩ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ሥራ ቦታዬ መጣ። ወረፋ የያዙ ሁለት ባለጉዳዮች እስኪወጡ ጠበቀ፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ ነው። የበሽታው ስም የተጻፈበትን መስመር በቁስል ፕላስተር ሸፍኖታል።

«ምንም አትጠይቂኝ» አለኝ። «የአንድ ጓደኛዬ ወረቀት ነው። ማሻሻያ እንድትጽፊለት ይፈልጋል።»

ከታች ስሙ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ሠፍሯል። እኔም «እሺ፣ ጓደኛህ ምን ይላል?» አልኩት።

መነጽሩን አደረገ። የማኅበር ጸሐፊው ድምፅ መጣ።

«አንደኛ። ‘ስለ ሕክምናው በሚገባኝ ቋንቋ ተብራርቶልኛል’ ይላል። የተብራራው ኮሪደር ላይ፣ ቆመን፣ ሦስት ሰው እየተጋፋን ነው። ‘ተቀምጠን እንደገና ይብራራልኝ’ በይ። ሁለተኛ። ‘አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግልኝ ተስማምቻለሁ’ ይላል። አይሆንም። ‘ከተስማማንበት ቦታ ውጭ ቢላ አይገባም’ በይ። ሦስተኛ። ‘ሞትን ጨምሮ ለሚደርስ ጉዳት’ የሚለው፣ ‘ሞት ከደረሰ ይህ ስምምነት ፈራሽ ይሆናል’ ተብሎ ይስተካከል።»

«አባዬ፣ ጓደኛህ ከሞተ በኋላ ስምምነቱ ቢፈርስ ምን ይጠቅመዋል?»

«የመርህ ጉዳይ ነው! አራተኛ። ‘ለትምህርት ዓላማ ተማሪዎች ሊገኙ ይችላሉ’ ይላል። ‘ወንዶች ብቻ፣ ከሁለት የማይበልጡ፣ ከአቃቂ ያልሆኑ’ በይበት።»

እየተየብኩ እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ክፉ በሽታ ይዞት እንኳ በአንቀጽ የሚከራከር አባት እንዳለኝ ሳስብ አልቻልኩም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«የስክሪኑ ብርሃን ነው።»

«ብርሃኑን ቀንሺው» አለና ወረቀቱን አጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ ከሰዓት ተመልሶ መጣ፤ እየበረረ ማለት ይቀላል። ዶክተሯ ማሻሻያውን ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ «አባባ፣ የሆስፒታሉን ቅጽ እኔ መለወጥ አልችልም፤ ጥያቄዎቹ ግን ትክክል ናቸው» ብላ፣ ሁለት ወንበር አስመጥታ፣ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለች ሁሉንም አንድ በአንድ «አስረዳችኝ» አለ። ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ቁስሉ፣ ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ ምን ማንሳት እንደሌለበት።

«ማለቴ ለጓደኛዬ» አለኝ።

«ገብቶኛል። ታዲያ ፈረመ?»

«ተደራደርን! ተማሪ የሚባል አይገባም፤ ‘መብትዎ ነው’ ብላ በእጇ ጻፈችለት። ሁለተኛው ላይ እሱ ለቀቀ፤ ከከፈትኩ በኋላ አደጋ ባይ ላስነሳዎት ነው ወይ ስትለው አሳማኝ ሆኖ አገኘው። ሞቱ ላይ ሁለታችንም ሥልጣን እንደሌለን ተስማማን።» መነጽሩን አወለቀና «ስንት ሥራ አስኪያጅ አይቻለሁ» አለ። «ወንበር አስመጥቶ የተደራደረኝ የለም።»

በሳምንቱ መጨረሻ እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና ሰኞ አዳማ እንደሚሄድ አስታወቀ። የጡረተኞች ስብሰባ አለ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል።

«ሂድ፣ ሂድ» አለች እናቴ፤ የቅጹን ነገር ነግሬያት ስለነበር አዳማው የት እንደሆነ ገብቷታል። ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን ራሷ አዘጋጀችለት። ቢጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሶፍት፣ በፔርሙዝ ሾርባ፣ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል፣ ሁለት አንሶላ።

አባቴ አንሶላውን አየ። «ለስብሰባ?»

«የሆቴል አንሶላ አይታመንም።»

«እውነትሽን ነው» አለ። ጠበሉን አየ፤ ስለ ጠበሉ ግን አልጠየቀም። ሁለቱ በር ላይ ተሳሳሙ። እናቴ ጉንጩን ስትስመው ቆይታ ቆይታ ነበር፤ እሱም ለአንድ የአዳማ ጉዞ ብዙ ጊዜ ዞር ዞር እያለ አያት። አዳማ የሚሄድ መኪና ከሚቆምበት በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ ሁለታችንም ያላየን መሰልን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ፣ እናቴና እህቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበርን። እህቴ ጥቁር ለብሳ መጥታ እናቴ መንገድ ላይ ሹራቧን አስወልቃታለች። የወንዶች ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ውስጥ ስንገባ አባቴ የሆስፒታል ጋውን ለብሶ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ዓይናችን ተገጣጠመ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበው።

እናቴ አልጋው ሥር በጉልበቷ ወደቀች።

«ሁሉንም አውቃለሁ» አለችው።

«ታውቂያለሽ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«እና… አልሳቅሽም?»

«ምኑ ያስቃል! ሌት ተቀን አለቀስኩ እንጂ!»

አባቴ ግራ ተጋባ። «ይህን ያህል እንኳ የሚያስለቅስ አይደለም። ሐጂም እኮ ነበረባቸው።»

«ሐጂም?» እናቴ ደረቷን መታች። «እሳቸው ዳኑ?»

«ጎማ ተሸክመው ሲሄዱ አላየሻቸውም?»

«እግዚአብሔር ተአምሩን ለአንተም ያድርግልህ» አለችና እጁን ያዘች። «ይቅር በለኝ። ምናልባት ካንተ ጋር… ይቅር በለኝ። ያ ከማኅበሩ የተሸለምከው ሬዲዮ፣ ሌባ አልወሰደውም። ለቆራሌው የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ከትራሱ ተነሳ። «ለቆራሌው! በምን?»

«በሁለት ሳፋ። ዜና ስትሰማ አትሰማኝም ነበር።»

ብዙ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሚስቱን እንባ አየና ተመልሶ ተኛ። «እኔም ይቅር በይኝ» አለ። «የወንድምሽ ሠርግ ቀን ወባ ተነሳብኝ ያልኩሽ፣ ኳስ ስለነበረ ነው።»

«የትኛው ኳስ?»

በዚህ መሃል ዶክተሯ ገባች። ሦስታችንን አየች፤ ለቅሶውን አየች፤ የተንበረከከችውን እናቴን አየች። ነገሩ በአንድ ጊዜ የገባት መሰለኝ። አባቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ቤተሰብዎ ሕመምዎን የሚያውቁ አይመስለኝም። ሌላ ነገር ነው የሚያስቡት። ልንገራቸው? ካልፈቀዱ አልናገርም።»

አባቴ አሰበ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ እንኳ፣ «ፈቃዱ በጽሑፍ ነው በቃል?» አላት።

«በቃል ይበቃል።»

«ለቤተሰቤ ብቻ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ።»

ዶክተሯ ወደ እኛ ዞረች፤ ስንት ቀን የተሸከመችውን ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ትንፋሿን ለቀቀች። በሹክሹክታ «ቡአ ነው» አለችን። «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው። ነገ ተነስተው ይራመዳሉ።»

 ከዚያ እናቴ ከጉልበቷ ተነሳች።

«ቡአ?!»

የሐኪም ምስጢር ያን ያህል ቀን ተጠብቆ ኖሮ በእናቴ ጉሮሮ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። ከጥጉ አልጋ አንድ ሽማግሌ «እኔም እሱኑ ነው እመቤቴ፣ አይዞሽ!» አሏት። ከመስኮቱ በኩል ሌላው ክንዱን አንስቶ «እኔ በሁለቱም በኩል ነኝ!» አለ፤ በኩራት ጭምር ነበር። አባቴ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ከሳበው በኋላ ከሥሩ ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር፤ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ብዬ ነበር» ይላል። «ዶክተሯ እኮ ዝቅ አድርጋለች! የጮህሽው አንቺ ነሽ!» ይላታል እናቴን።

እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር ወይስ ታለቅስ ነበር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እናቴ ግን አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን ገልጣ ግንባሩን ሳመችውና «ወጥተህ እንተያያለን» አለችው። የእኔ አባት ኦፕራሲዮን ክፍል የገባው ቢላውን ሳይሆን መውጣቱን እየፈራ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ከወገቡ በታች ብቻ ስላደነዘዙት ነቅቶ ነበር፤ ያለማቋረጥ ሲያወራ እንደነበር ዶክተሯ ነገረችን፣ አስፈቅዳው ነው። በማግስቱ ቆሞ ተራመደ፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባ። ከገባ በኋላ እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ሽሮ አቅርባለት እየበላ ሳለ ድንገት ሳቋ መጣ፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ወንበር ይዛ ሳቀች። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ስፌቱ እየያዘው «አታስቂኝ፣ ዶክተሯ ከልክላኛለች» እያለ አብሯት ሳቀ። ሐጂ ድምፁን ሰምተው ሊጠይቁ ሲገቡ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ራሳቸው ከበሽታ የዳኑ ያስመስላቸው ነበር፤ ያን ሰሞን ከአባቴ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የከሱት። የፋብሪካ ጓደኞቹም መስማታቸው አልቀረም፤ ተሰብስበው መጡ፣ ብርቱካን ይዘው መጡ፣ ስምም አወጡለት። ስሙን ግን በፈቃዱ ውስጥ አላካተተልኝም።

ነገሩ በረድ ካለ በኋላ እህቴ ሥራ ቦታዬ መጣች። ቁጭ አለችና «ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለችኝ። በዶክተሯ ላይ አቤቱታ ልታቀርብ ፈልጋለች፤ በእሷ የተነሳ ምን ያህል እንደተሰቃየን፣ ሥራ እንዳስፈታቻት፣ ጥቁር ሹራብ እንዳስገዛቻት።

ወረቀት አዘጋጀሁ። «እሺ፣ ጥፋቷ ምንድን ነው ልበል?»

«አልነገረችንም።»

«ምኑን?»

«የአባዬን… ምስጢር።» ቃሉን ስትናገረው ራሷ ሰማችው። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አንኳኳች። «ሌላ አጻጻፍ የለውም?»

«‘የታካሚዋን ምስጢር በመጠበቅ በደለችን’ ልበል?»

«ተይው» አለች። ተነስታ በር ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰችና በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ድምጿን እንደዚያ ዝቅ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

«ዶክተሯ ሴትም ታያለች?» አለችኝ። «አንድ ነገር አለኝ። ባሌ እንዳይሰማ።»

ምን እንዳላት ነገረችኝ። ክፉ ነገር አይደለም፤ እየዳነችም ነው። ከዚህ በላይ እንድጽፍ ግን አልተፈቀደልኝም።